አዲስ የአበባ ዘር እንዴት እንደሚወጣ

የአበባ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ጨዋታ አድርጎ ያየዋል። እህል፣ ቡናና ከብት የአገር ሀብት ተብለው ሲቈጠሩ አበባ ግን ከደጅ ጌጥነት በቀር ሌላ ጥቅም የሌለው ይመስላል። ነገር ግን የአበባ ዘርና የአበባ ችግኝ ንግድ ታላቅ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። የዚህም ንግድ መነሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአፍሪካና በእስያ ዱርና ገደል ውስጥ ማንም ሳይንከባከበው ከሚበቅል ተክል ነው። ከነዚህ ተክሎች የአንዲቱ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል፤ ይኸውም ከዱር ወጥታ በማሰሮና በአትክልት ቦታ የምትተከል አበባ እንዴት እንደ ሆነች፣ ምን ያህል እንደ ተደከመባት፣ ኋላም በሽታ መጥቶ እንዴት ከገበያ ሊያጠፋት እንደ ደረሰ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተክሊቱ ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለችም፤ ዘመዷን ያውቀዋልና። በደጋው አገር ምንጭና ጥላ ባለበት ስፍራ የሚበቅለው፣ ሴቶች ሥሩን ወቅጠው እጃቸውንና እግራቸውን የሚሞቁት እንሶስላ ከዚሁ ወገን ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ወገኑን በላቲን ቋንቋ ኢምፓቲየንስ ብለው ይጠሩታል፤ ትርጓሜውም «ትዕግሥት የሌላት» ማለት ነው። ይህን ስም ያሰጣት የፍሬዋ ጠባይ ነው፤ የበሰለውን ፍሬ ጥቂት የነኩት እንደ ሆነ በድንገት ፈንድቶ ዘሩን ወዲያና ወዲህ ይበትናል። በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የዚህ ወገን ዓይነቶች ይታወቃሉ፤ የሚበዙትም በአፍሪካ ተራሮች፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ ሕንድ፣ በሂማላያና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው።

በማሰሮ የምትተከለው የተፈጥሮ አገሯ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለው ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በ1882 ጆሴፍ ሁከር የተባሉት እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ከዛንዚባር ለመጣው ተክል በሡልጣኑ ክብር ስም አወጡለት። ኋላ ግን ይኸው ተክል ራሳቸው ሁከር አስቀድመው በ1868 ለሚሲዮናዊው ለሆራስ ዋለር መታሰቢያ ከሰየሙት ጋር አንድ መሆኑ ስለ ታወቀ የሡልጣኑ ስም ቀርቶ የሚሲዮናዊው ስም ጸና። በዕፅዋት አሰያየም ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል፤ በዚህ ሕግ ፊት ሡልጣንና ሚሲዮናዊ እኩል ናቸው።

ከዱር እንደ መጣች ተክሊቱ ለማሰሮ የምትመች አልነበረችም። ቁመቷ እየረዘመ ከግርጌዋ ትራቈታለች፤ ቅርንጫፏ ጥቂት ነው፤ አበባዋም በቅጠሉ መካከል ተራርቆ ይታያል። በአውሮፓ በመስኮት አጠገብ የሚያኖሯት ሰዎች ጫፏን ዘወትር እየቀነጠቡ ነበር ቅርጽ የሚሰጧት። በአንድ ነገር ግን ከብዙ አበቦች ትበልጥ ነበር፤ ጥላን ትወዳለች። ፀሐይ የማይደርስበት የቤት ጀርባ፣ የዛፍ ሥርና የግንብ ጥግ አበባ ለሚወድ ሰው ሁሉ ችግር ነው፤ ስለዚህ በጥላ ውስጥ ሳታቋርጥ የምታብብ ተክል ዋጋዋ ታላቅ ነው።

ይህን አይተው ወደ ሥራ ከለወጡት ሰዎች ዋነኛው ክሎድ ሆፕ የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው። ሚስተር ሆፕ በ1907 በቴክሳስ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን የሚወጣበትን ዛፍ ለማልማት በተደረገው ሥራ ወደ ኮስታ ሪካ ተላኩ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በዚያው ቀርተው በካርታጎ ከተማ አጠገብ ዱልሴ ኖምብሬ በተባለ ስፍራ የአበባ ዘር ማምረት ጀመሩ፤ እርሻውም ሊንዳ ቪስታ ተባለ። ስፍራው በብልኀት የተመረጠ ነው። አገሩ ከምድር ወገብ ብዙ ያልራቀ ከፍተኛ ቦታ ስለ ሆነ ጽኑ ውርጭም ጽኑ ሐሩርም የለበትም፤ ወይና ደጋን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ የአየሩን ጠባይ በቀላሉ ይረዳዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርዱ ወራት ሥራውን ሲያቋርጠው በዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ ይዘራል፤ ዓመቱን ሙሉም ዘር ይለቀማል። አዲስ ዘር ለማውጣት ለሚደክም ሰው ይህ ከምንም ይበልጥበታል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ በላይ ትውልድ ማየት ይችላልና።

በኮስታ ሪካ ይህች የአፍሪካ አበባ ከገባች በኋላ በየመንገዱ ዳር እንደ አረም በቅላ ነበር፤ የአገሩም ሰዎች ቺና ይሏታል። ሰው ሁሉ ረግጦ የሚያልፋትን ነው ሚስተር ሆፕ በመደብ ላይ ያስገቧት።

ሥራው የሚጀመረው በመምረጥ ነው። በመደቡ ላይ ከበቀሉት ብዙ ችግኞች መካከል ቁመቱ አጭር የሆነው፣ ከግርጌው ጀምሮ ቅርንጫፍ የሚያወጣው፣ አበባው ከቅጠሉ በላይ የሚታየው፣ ቀለሙም የጠራው ይመረጣል፤ የቀረው ይነቀላል። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ መንቀሉ ግን ከባድ ነው። ያማረ አበባ ያለውን ተክል ቁመቱ ስለ ረዘመ ብቻ ነቅሎ መጣል ለጀማሪ ያሳዝነዋል። አንዱንም ሌላውንም እያዘነለት የሚያስቀር ሰው መደቡ ይሞላለታል እንጂ ዘሩ አይጠራለትም። ደግሞም እያንዳንዱ ተክል ቍጥር ሊሰጠው፣ አባቱና እናቱ፣ የተዘራበትና ያበበበት ቀን በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል። መዝገብ የሌለው ሰው መልካም ተክል ቢያገኝም ከየት እንዳገኘው ስለማያውቅ ሁለተኛ ሊያገኘው አይችልም።

የተመረጠው ተክል ከሌላ እንዳይዳቀል ተጠብቆ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር እንዲይዝ ይደረጋል። ከዚያ ዘር ከሚበቅሉት ዳግመኛ ይመረጣል፤ እንደገናም በራሱ እንዲይዝ ይደረጋል። በያንዳንዱ ትውልድ በተክሉ ውስጥ ተቀላቅሎ ያለው የጠባይ ልዩነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከስድስት ትውልድ በኋላ ከመጀመሪያው ቅልቅልነት የሚቀረው ከስድሳ አራት እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን በራሱ ብቻ እየተራባ የቈየ ተክል ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ ያንሳል፤ ዘሩም ይጐድላል።

ይህን ድካም የሚያስወግደው ማዳቀል ነው። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የጠሩ ሁለት ዘሮች ሲዳቀሉ የሚወለደው የመጀመሪያ ትውልድ ብዙ ጊዜ ከእናቱም ከአባቱም ብርታት ይኖረዋል፤ ሁሉም ደግሞ በቁመትም በቀለምም አንድ ዓይነት ይሆናል። የዚህን ምክንያት መጀመሪያ በቍጥር ያሳየ በብርኖ ከተማ ገዳም የነበረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ነው። በ1866 ታትሞ በወጣው ጥናቱ ሐምራዊ አበባ ያለውን አተር ነጭ አበባ ካለው ጋር ቢያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ሐምራዊ እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ትውልድ ግን ከ929 ተክሎች 705 ሐምራዊ፣ 224 ነጭ ሆኖ እንደ ተከፈለ ጽፏል፤ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ማለት ነው። የጠፋ የመሰለው ነጭነት በመጀመሪያው ትውልድ ውስጥ ተሰውሮ ነበር። የመነኩሴው ሥራ ለሠላሳ አራት ዓመት ያህል ማንም ሳያስተውለው ቈይቶ በ1900 ነው ዳግመኛ የተገኘ።

ለዘር ነጋዴ የዚህ ሕግ ጥቅም ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ትውልድ ድቅል ዘር ገዝቶ የተከለ ሰው አንድ ዓይነት መደብ ያያል፤ ከዚያ መደብ ዘር ለቅሞ በሚመጣው ዓመት ቢዘራ ግን አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ እየሆነ ይበታተንበታል። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ዘር ሻጩ መመለስ ግድ ይሆንበታል። የእናትና የአባት ዘሮቹን በእጁ የያዘው ኩባንያ እነርሱን እስካልሰጠ ድረስ ገበያው የእርሱ ነው። ይህ ነገር በአበባ ብቻ ሳይሆን በበቆሎም እንዲሁ ስለ ሆነ የእርሻ ሥራ የሚመለከተው ሹም ሊያስተውለው የሚገባ ነው።

ማዳቀሉ የሚሠራው በእጅ ነው። የዚህች አበባ ወንዴዎቹ ክፍሎች እንደ ቆብ ተያይዘው የሴቴዋን ጫፍ ይሸፍኗታል፤ ዱቄታቸውን ከሰጡ በኋላ ቆቡ ይወድቃል፤ ሴቴዋም ከዚያ በኋላ ዱቄት ለመቀበል ትዘጋጃለች። ሠራተኛው ቆቡን በጊዜው አንሥቶ ከአባትየው ተክል ያመጣውን ዱቄት በሴቴዋ ጫፍ ላይ ያስነካል። ይህ በያንዳንዱ አበባ ላይ ይደረጋል። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ሳይፈነዳ መለቀም አለበት፤ አንድ ቀን የዘገየ ሰው የለፋበት ዘር በመሬት ላይ ተበትኖ ያገኘዋል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ነው፤ በአንድ ግራም ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ይቈጠራል። ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ ስለ ሆነም የድቅል አበባ ዘር ማምረት ደመወዝ ከሚወደድበት አገር እየወጣ ወደ ኮስታ ሪካና ወደ መሳሰሉት አገሮች ሄደ።

በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከሊንዳ ቪስታ የወጡት ኤልፊን የተባሉት ዘሮች አጫጭር ሆነው፣ ሳይቀነጠቡ ከግርጌያቸው የሚሰፉ፣ መደቡን በአበባ የሚሸፍኑ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቀለማቸው እየበዛ፣ ሌሎች የዘር ኩባንያዎችም እየተወዳደሩ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በመደብ ከሚተከሉ አበቦች ሁሉ በሽያጭ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች ይህች የአፍሪካ ጥላ ወዳድ ሆነች። ሚስተር ሆፕም ይህን ሁሉ አይተው በ2000 በኮስታ ሪካ አረፉ።

ከዚያ በኋላ በሽታው መጣ። በእንግሊዝ አገር በ2003 ታየ፤ በአሜሪካ በ2004 በመስተዋት ቤቶች ውስጥ ተገኘ። በ2011 እና በ2012 ግን በአሜሪካ በየአትክልት ቦታው ተሠራጭቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበቡ መደቦችን አጠፋ። በሽታው ሲጀምር ቅጠሉ ጥቂት ይገረጣል፤ ጠርዙም ወደ ታች ይታጠፋል። ቅጠሉን ገልብጠው ያዩት እንደ ሆነ ከሥሩ ነጭ ሻጋታ የመሰለ ነገር ለብሶ ይገኛል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ አበባውና ቅጠሉ ይረግፍና ራቁቱን የቀረ አገዳ ብቻ ይቆማል። ከተክል ወደ ተክል በውኃ ፍንጣቂና በነፋስ ይሻገራል፤ ወፍራም ቅርፊት ያላቸው ዘሮቹ ደግሞ በመሬት ውስጥ ለዓመታት ሊቈዩ ስለሚችሉ የታመመው መደብ በሚመጣው ዓመት ለዚህች ተክል አይሆንም። በ1845 በአየርላንድ ድንቹን አጥፍቶ ያን ታላቅ ረኃብ ያመጣው በሽታ የዚሁ የሩቅ ዘመድ ነው።

በገበያ የነበሩት የዚህች አበባ ዘሮች ቀለማቸውና ስማቸው ብዙ ቢሆንም በሽታውን የሚቋቋም አንድ እንኳ አልተገኘባቸውም። ዘር አውጪዎች ለቁመት፣ ለቀለምና ለአበባ ብዛት ሲመርጡ ለዚህ በሽታ የመረጠ አልነበረም፤ ያልታየ ጠላት ማን ይጠብቀዋል? ብዙ አትክልተኞች ተክሊቱን ትተው ወደ ሌላ አበባ ዞሩ።

ከዞሩባቸውም አንዷ የዚችው ተክል የቅርብ ዘመድ ነበረች። በ1970 የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሎንግዉድ ከተባለው የአትክልት ስፍራ ጋር ሆኖ ሃሮልድ ዊንተርስና ጆሴፍ ሂጊንስ የተባሉ ሁለት ሰዎችን ወደ ኒው ጊኒ ደሴት ልኮ ነበር። ከደጋው ካመጧቸው ተክሎች መካከል ትልልቅ አበባና ባለ ብዙ ቀለም ቅጠል ያላቸው የኢምፓቲየንስ ዓይነቶች ነበሩ፤ መሥሪያ ቤቱም በ1972 ለዘር አውጪዎች አደላቸው። ከሌሎች የእስያ ዓይነቶች ጋር ሲዳቀሉ የሚወለዱት አንዳንዶቹ እንደ በቅሎ መካን ይሆኑ ነበር። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ኮልቺሲን የተባለው መርዝ ነው፤ በ1937 እንደ ታወቀው ይህ መድኃኒት በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር ክር ቍጥር እጥፍ ያደርገዋል፤ እጥፍ የሆነለት መካን ተክልም ዘር ሊይዝ ይችላል። እነዚህ የኒው ጊኒ ዓይነቶች ከ2011 በኋላ በሽታው ሲስፋፋ በአጠገቡ ቆመው አልተጐዱም ማለት ይቻላል። በ1970 የሄዱት ሰዎች ይህን በሽታ አያውቁትም ነበር። አርባ ዓመት ቀድሞ በአንድ ሩቅ ደሴት የተለቀመ ተክል ባይኖር ኖሮ ግን አትክልተኛው በእጁ የሚቀረው ከዚህ ያነሰ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካዋም አበባ ፈጽማ አልጠፋችም። ኩባንያዎች ከብዙ ዓመት ፍለጋና ማዳቀል በኋላ በ2020 ገደማ በሽታውን የሚቋቋሙ አዳዲስ ዘሮች አወጡ። በሽታው በብዙ አገር ከታየ በኋላ ይህን ለማግኘት ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል፤ ይህም በዓመት ከአንድ በላይ ትውልድ ለምትሰጥ ተክል ነው። በሽታው እንዲህ ባለ ሁኔታ የመታው ቡናን ወይም እንሰትን ቢሆን ኖሮ መቋቋሚያውን ለማግኘት የሚፈጀውን ዘመን ማሰብ ይቻላል።

ከዚሁ ወገን ስለ ወጣ ሌላ ዘር ደግሞ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ሳካታ የተባለው የጃፓን የዘር ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ የዱር ዓይነት ጋር በማዳቀል ፀሐይን የሚችል አዲስ ዘር አውጥቶ በ2000ዎቹ ዓመታት ወደ ገበያ አቀረበ። ተክሉ የኢንዶኔዥያ ስለ ሆነም ከአገሩ መንግሥት ጋር ውል አድርጎ ከሚያገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲከፍል ተስማማ። በ1882 ከዛንዚባር ለሄደው ተክል እንዲህ ያለ ነገር ያሰበ አልነበረም፤ ሡልጣኑም ያገኙት ስማቸውን ብቻ ነው፤ እርሱም ተወሰደባቸው። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እያንዳንዱ አገር በዱር ሀብቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ስለ ደነገገ የዛሬው ነገር ሌላ ነው።

ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. እንደ ራሷ አቆጣጠር የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብት አዋጅን በቍጥር 482 አውጥታለች። በዚህ አዋጅ መሠረት የአገሩን ተክል ለዘር ማውጫ ወይም ለምርምር ለመውሰድ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም በዛሬ ስሙ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የአገሩ ሕዝብ በልማድ የሚጠቀምበትን አዋጁ አይነካም፤ እንሶስላ ቆፍራ የምትሞቅን ሴት የሚጠይቃት የለም። ከገደሉ ሥር ሥራሥር ቆፍሮ በሣጥን የሚያሽግ እንግዳ በወረዳው የታየ እንደ ሆነ ግን የፈቃዱን ወረቀት መጠየቅ የወረዳው ሹም ሥራ ነው።

በቆቃ አካባቢ ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለማሰሮ አበባ የሚሆኑ ቅርንጫፎች እየተቈረጡ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይላካሉ፤ በዚያም ሥር አውጥተው አድገው ይሸጣሉ። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ይህ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የዘሩ ባለቤት በውጭ አገር ያለው ኩባንያ ነው፤ ከዘሩ መብት የሚገኘውም ገንዘብ ወደዚያው ይሄዳል። በአገሩ ዱር የሚበቅለው እንሶስላ ግን የማንም ኩባንያ ዘር አይደለም።

ፈረንሳዊው ሊቅ አሺል ሪሻር ከሐበሻ የተለቀሙትን ዕፅዋት በጻፉበት በ19ኛው መቶ ዓመት እንሶስላን ቲንክቶሪያ ብለውታል፤ ለማቅለሚያ የሚሆን ማለት ነው። አበባው ትልቅና ነጭ ነው፤ በመካከሉ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው፤ ወደ ማታም ሽታው ያውዳል። በአውሮፓም ብርቱ ብርድ በሌለበት ስፍራ የሚተክሉት አትክልተኞች አሉ። ሮቲ የተባለው ወደ ቀይ የሚያደላ አበባ ያለው ዘመዱ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በተፈጥሮ አይገኝም። እንሶስላ እንዳለ ለማሰሮ አይመችም፤ ቁመቱ እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል፤ ቅርንጫፉም ጥቂት ነው። ከዚህ አጭሩን መርጦ ማውጣት ገና ያልተሠራ ሥራ ነው፤ ለመጀመር ግን የመስተዋት ቤት አያሻም። ጥላ ያለው መደብ፣ በጊዜው የሚለቀም ዘር፣ መዝገብና ሳይሰለች የሚነቅል ሰው ይበቃዋል።

ዛሬ አስጊ የሆነው ምንጮቹ ናቸው። እንሶስላ የሚበቅለው ጥላና እርጥበት ባለበት ነው፤ በምንጩ ዙሪያ ያለው ዛፍ የተቈረጠ እንደ ሆነ መሬቱ ይደርቅና ተክሉ በጥቂት ዓመት ይጠፋል፤ ማንም መጥፋቱን አይመዘግብም። በየወረዳው እንሶስላ የሚገኝበትን ሸለቆ ለማወቅ የሚበልጠው መንገድ የመንደሩን ሴቶች መጠየቅ ነው፤ ለበዓልና ለሠርግ ወዴት እንደሚወርዱ ያውቃሉና። ሥሩ ድንች የመሰለ ነው፤ በበጋ አገዳው ደርቆ ሲወድቅ እርሱ በመሬት ውስጥ ተኝቶ ይቈያል፤ ዝናም ሲጥል ዳግመኛ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ሥሩን ሁሉ ሳያወጡ ጥቂቱን በጉድጓዱ መልሰው አፈር ቢያለብሱት በሚመጣው ክረምት በዚያው ስፍራ ይገኛል።